ንባብና ጥያቄ በአንድ ክፍል

(በትምህርት ፋኩልቲ ተማሪዎችና መምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ልናቀርበው የተነሣነው ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንባብን ማስተማርና ልጅን ጠያቂ አድርጎ ማሳደግ አንድ ሥራ ነው፤ ሁለት ሥራ አይደለም። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ጠመኔ ይዘው በልጆች ፊት የሚቆሙበት ቀን ሩቅ ስላልሆነ፣ ያን ቀን ምን እናደርጋለን ብለን አስቀድመን ብንመካከርበት ይሻላል።

በመጀመሪያ ያለንበትን ሁኔታ እንመልከት። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተመርምሮ ነበር። የተፈተኑት ልጆች ከ13,000 በላይ ናቸው። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ደግሞ ስለ ታሪኩ ከቀረበላቸው ጥያቄ አንዱንም አልመለሱም። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ገበታ የቀሩ አይደሉም፤ ደብተር ተገዝቶላቸው፣ ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነትም፣ ወረርሽኝም፣ የመምህራን ኑሮም በውስጡ አሉበት። ዳሩ ግን በ12ኛ ክፍል የታየው ጉድለት በ12ኛ ክፍል አልተወለደም። በ2014 ዓ.ም. ለፈተና የተቀመጠው ወጣት በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፊደል ይቆጥር የነበረው ሕፃን ነው። ስለዚህ የላይኛውን ፎቅ መሰንጠቅ የሚመረምር ሰው ወደ መሠረቱ መውረድ ይገባዋል።

በመሠረቱ ላይ ምን እናገኛለን? ሁላችንም የምናውቀውን ክፍል እናስታውስ። መምህሩ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በበትር እያመለከተ ያነባል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ድምፁ ያማረ ነው፤ በመስኮት አጠገብ የሚያልፍ ሰው «እንዴት ያለ ትጉህ ክፍል ነው» ይላል። ነገር ግን በዚያ ኅብረት ድምፅ ውስጥ የማያነብ ልጅ በቀላሉ ይደበቃል። ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ፣ አፉን ከጓደኞቹ ጋር እየከፈተ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያነብ ያነባል። በመጨረሻም መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፤ ልጆቹም «አዎን!» ይላሉ። «ገባችሁ?» የሚለው ቃል ግን የጥያቄ መልክ ይኑረው እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነውና።

አንዳንድ ሰዎች ይህ በቃል የመያዝ ልማድ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ስለዚህም በቶሎ አይለቀንም ይላሉ። እኛ ግን የአባቶችን ትምህርት ቤት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ፍርዱን ማሻሻል ይኖርበታል እንላለን። በቄስ ትምህርት ቤት ሀ ሁ ሂን በተራ የለየ ልጅ ቀጥሎ ወደ አቡጊዳ ይገባል። ስለ ምን? ሀ ሁን በዜማ የያዘ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ከዳር እስከ ዳር ሊወርደው ስለሚችል ነው። አቡጊዳ ግን ተራውን ያፈርሰዋል፤ ከአ ወደ ቡ፣ ከቡ ወደ ጊ፣ ከጊ ወደ ዳ ይዘላል፤ ያን ጊዜ ዐይኑ የማያውቀውን ምላሱ ሊያድነው አይችልም። እንግዲህ የጥንቱ መምህር ልጁ በቃሉ የያዘውን ሁሉ እንዳወቀው አልቆጠረለትም ማለት ነው።

ከፍ ሲል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ በማጥናት ብቻ አይወጣም፤ ራሱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም አርሞ ይመልስለታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማምጣት አይቻልም። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የአንዱን ንባብ ትርጉም ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ እንደገናም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። በእርግጥ ተማሪው ይህንንም በቃሉ ያጠናዋል፤ ሆኖም አንድምታ በራሱ መልክ የሚያስተምረው ትምህርት አለ፤ ይኸውም አንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ በመነበቡ ብቻ አላለቀም የሚለው ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ በሉሕ ላይ የተጻፈውን ከማንበብ ይጀምራል፤ ደረሳ ሆኖ ከፍ ሲል ደግሞ ወደ ኪታብ ትርጉምና ወደ ሕግ ትምህርት ያልፋል።

ጉድለቱ ያለው ጥያቄና ትርጉም በመሰላሉ ጫፍ ላይ በመቀመጣቸው ነው። ብዙ ዓመት ታግሦ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከደብር ወደ ደብር ዞሮ የደረሰ ጥቂት ሰው ብቻ ይደርስባቸው ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ከመጀመሪያው ደረጃ የኅብረቱን ድምፅ ተቀበለ፤ ከመጨረሻው ደረጃ ግን አንድምታውን አልተቀበለም። ድምፁን ወስደን «አንድም» የምትለውን ቃል ተውናት ብንል ከእውነት አንርቅም። የእኛም ሐሳብ ይህችን ቃል ከጫፍ አውርዶ በአንደኛው ክፍል ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው።

ይህን ለማድረግ የራሳችን ጽሕፈት ይረዳናል። የአማርኛ ፊደል ድምፁ ሲጠብቅና ሲላላ አይለይም። «ልጁ ይመታል» ብለን ብንጽፍ፣ ልጁ መቺ ነው ወይስ ተመቺ? «ታ» ከላላ መቺ ነው፤ «መ» እና «ታ» ከጠበቁስ? ፊደሉ ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። እንዲሁም «ገና አልደረሰም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ እንጻፍ። አንዱ ልጅ «መንገደኛው እስካሁን አልመጣም ማለት ነው» ይላል፤ ሌላዋ ልጅ «የገና በዓል አልመጣም ማለት ነው» ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መምህሩም «ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆቹም በፊቱና በኋላው ያለውን ዓረፍተ ነገር መመልከት እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ይደርሱበታል። እንግዲህ በአማርኛ ቃልን በትክክል ለማሰማት እንኳ ሐሳቡን መያዝ ግድ ነው። «መጀመሪያ ያንብቡ፤ መረዳቱ በኋላ ይመጣል» የሚለው አነጋገር በቋንቋችን አይሠራም።

በዚህ ቦታ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባናል። ጥያቄን ስንወድ ፊደልን መናቅ የለብንም። አንዳንድ የውጭ አገር ሊቃውንት ልጅ ሁሉን ነገር በራሱ ፈልጎ ያግኝ፤ መምህሩ ዳር ቆሞ ይመልከት እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪ ያለ በቂ መሪ ሲለቀቅ የሚማረው ጥቂት መሆኑን ተከራክረው አሳይተዋል። ምክንያታቸውም የሰው ልቡና በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ትንሽ መሆኑ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። እያንዳንዱን ለመለየት የሚታገል ሕፃን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ምን ተረዳህ?» ብሎ መጠየቅ ሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው። ስለዚህ ፊደል በግልጽ፣ በተራ፣ በየቀኑ መማር አለበት። ጥያቄው ግን ፊደሉ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅ። ልጁ ራሱ ማንበብ እስኪችል ድረስ መምህሩ ታሪክ ያንብብለትና መካከል ላይ አቁሞ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ስለ ምን?» ይበል። ልጅ በጆሮው መጠየቅን ከለመደ በዐይኑ ሲያነብም ይጠይቃል።

ማንበብ የሚችሉትንስ እንዴት እንርዳቸው? እ.ኤ.አ. በ1984 አንማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ቃሉን አንብበው ትርጉሙ ለሚያመልጣቸው የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የሞከሩትን ዘዴ ገለጹ። ዘዴው አራት ሥራዎች አሉት። አንደኛው የተነበበውን በአጭሩ ማጠቃለል፤ ሁለተኛው ስለ ተነበበው ጥያቄ ማውጣት፤ ሦስተኛው ያልገባውን ቃል ወይም ሐሳብ ማብራራት፤ አራተኛው ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ነው። መምህሩ በመጀመሪያ አራቱንም በተማሪዎቹ ፊት ራሱ ይሠራል፤ ቀጥሎ አንዱን ተማሪ መምህር አድርጎ ይሾምና እርሱ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጣል። ሹመቱ በየተራ ይዞራል። የእነዚያ ተማሪዎች የመረዳት ችሎታ በዚህ መንገድ በግልጽ ተሻሻለ። ልብ ብለን ብናየው የዚህ ዘዴ ኃይሉ ጥያቄ የማውጣቱን ሥልጣን ከመምህሩ ወደ ልጁ ማሻገሩ ነው። ጥያቄ ለማውጣት የተገደደ ልጅ ሳይረዳ ሊያልፍ አይችልም።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ እናሳይ። የ4ኛ ክፍል ምንባብ ስለ አፈር መሸርሸር ነው እንበል። በተለመደው መንገድ መምህሩ «የአፈር መሸርሸር ማለት...» ብሎ ትርጓሜውን ይጽፋል፤ ልጆቹም ይገለብጣሉ። በእኛ መንገድ ግን መምህሩ መጽሐፉ ሳይገለጥ «ወንዛችን በበጋ ጥርት ይላል፤ በክረምት ግን ይደፈርሳል፤ ስለ ምን ይመስላችኋል?» ይላል። የገጠር ልጅ ይህን በየዓመቱ ያያል፤ ስለዚህ የሚናገረው አያጣም። አንዱ «ዝናቡ ራሱ ቆሻሻ ስለሆነ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ከብቶች ስለሚረግጡት ነው» ይላል፤ ሦስተኛዋ «ከእርሻው አፈር ይዞ ስለሚመጣ ነው» ትላለች። መምህሩ ማንንም ሳያሞግስ ማንንም ሳይነቅፍ ሦስቱንም ግምት በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ይገለጣል። ልጆቹ የሚያነቡት እንዲሁ ለማንበብ ሳይሆን፣ ከሦስቱ የትኛውን መጽሐፉ እንደሚደግፍ ለመፈለግ ነው። መልሱን ያገኘ ልጅ ጣቱን በዓረፍተ ነገሩ ላይ አድርጎ «ይኸው እዚህ ላይ ይላል» ብሎ ያሳያል።

ነገር ግን መጽሐፍ ስላለው ብቻ እውነት ነው አንልም። ሁለት አሮጌ ጣሳዎች ይመጡና ጎናቸው በአንድ በኩል ይቀደዳል። በአንዱ ባዶ አፈር፣ በሁለተኛው ከሣሩ ጋር የተነሣ አፈር ይሞላል። ሁለቱም ዘንበል ተደርገው እኩል ውኃ ይፈስባቸዋል። ከባዶው አፈር የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ፣ ከሣሩ የሚወርደው ግን ይልቅ ጠርቶ ይወጣል። ወጪው ምንም ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ በአንደኛው ያየውን፣ በሁለተኛው ምክንያቱ ምን እንደሚመስለው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማሰብ ከሚያስቸግር ነገር ተነሥቶ፣ በግምት አልፎ፣ በምርመራ ይረጋገጣል ብሎ ያስተማረው ይህንኑ ነው። በዚህ አንድ ትምህርት ልጁ አነበበ፤ ጠየቀ፤ ሞከረ፤ ጻፈ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ የአባቱን ማሳ በሌላ ዐይን ያያል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን እናውቃለን። የመጀመሪያው የልጆቹ ብዛት ነው። «ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሰባ ልጅ ሰባ ጥያቄ አያመጣም። በአንድ ወንበር የሚቀመጡት ሦስትም ይሁኑ አራት አንድ ቡድን ናቸው፤ ከየወንበሩ አንድ ግምት፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል። በኅብረት ድምፅ ውስጥ የሚደበቀው ልጅ በአራት ሰው መካከል ሊደበቅ አይችልም። ይልቁንም ክፍሉ ሲበዛ ይህ ዘዴ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጨዋነት የሚነሣ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብሎ ያደገ ልጅ ታላቁን መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል፤ መምህሩም ሲጠየቅ የተናቀ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚሁ አገር «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። አክብሮት ማለት አፍ መዝጋት ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቅኔ ቤት መምህሩ ለተማሪው ቅኔ ጆሮውን ባልሰጠ ነበር። መምህሩ የማያውቀውን ሲጠየቅ «ነገ አብረን እንፈልገው» ቢል ክብሩ አይቀንስም፤ ልጆቹም እውቀት የሚፈለግ ነገር መሆኑን በዐይናቸው ያያሉ።

ሦስተኛውና ከባዱ ፈተና ነው። ወላጅም፣ ርእሰ መምህርም፣ ልጁም የሚያዩት ውጤትን ነው። ፈተናው ትርጓሜ አጥንቶ መመለስን የሚጠይቅ ከሆነ፣ መምህሩ በጣሳ ውኃ የሚያፈስበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ይህን ተቃውሞ በቃል ብቻ ልናልፈው አንችልም፤ እውነት አለበትና። ስለዚህ የማስተማር ዘዴን ለመለወጥ የሚሻ ሰው የፈተናውን ወረቀት ሳይነካ ሊሄድ አይችልም። ከአሥር ጥያቄ ሁለቱ እንኳ ልጁ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን አጭር ምንባብ አንብቦ ምክንያት እንዲሰጥ ቢጠይቁ፣ በየክፍሉ ያለው ትምህርት በዓመቱ መለወጥ ይጀምራል።

መሣሪያም ብቻውን አያድነንም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ተስፋው ታላቅ ነበር። መምህር በሌለበት ቦታ የሳይንስ ሙከራን ማሳየቱ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን ማያው ጥያቄ አይሰማም፤ ያልገባውን ልጅ ቆሞ አይጠብቅም። ተማሪው ሲገለብጥ ሥዕሉ ያልፋል፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ይሆናል። ዛሬም ሌላ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር አስቀድመን የምንጠይቀው «ልጁ በዚህ መሣሪያ ፊት ይጠይቃል ወይስ ዝም ይላል?» ብለን መሆን አለበት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው አብዛኞቹ ያገለገሉት በማስተማር ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ ዘመቻ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ፊደል የቆጠረ ገበሬ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር ካላገኘ ፊደሉ ከእጁ ይወጣል። ንባብ እንደ እሳት ነው፤ እንጨት ካልተጨመረበት ይጠፋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር እንዲሠራ እናሳስባለን። አንደኛ፤ ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሁሉ ለእያንዳንዱ ትምህርት ከምንጽፈው ዕቅድ ጋር «ገባችሁ?» የማይባልባቸው ሦስት እውነተኛ ጥያቄዎች ጽፈን እንያዝ። ሁለተኛ፤ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሌላም ቋንቋ የምንችል በየቋንቋችን ለልጆች የሚሆኑ ባለ አንድ ገጽ ታሪኮች እንጻፍ፤ ይህ ጋዜጣ የሚባዛበት ማባዣ እነዚህንም ሊያባዛ ይችላል፤ ወደ ልምምድ ስንሄድም በሻንጣችን ይዘናቸው እንሂድ። ሦስተኛ፤ ልጆች በክፍል ውስጥ ያነሡትን ጥያቄ በደብተር መዝግበን ስንመለስ በዚህ ጉባኤ ላይ እናቅርብ። የልጆች ጥያቄ የተመዘገበበት ደብተር ከብዙ የትምህርት ዕቅድ ይበልጥ ያስተምረናል።

ለተከበራችሁ መምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። ሰው ያልተማረበትን መንገድ ለሌላ ማስተማር ይቸግረዋል። እኛ አራት ዓመት ሙሉ የተሰጠንን ማስታወሻ ገልብጠን፣ አጥንተን፣ በፈተና ወረቀት ላይ መልሰን ብንወጣ፣ ነገ በ2ኛ ክፍል ፊት ስንቆም የምናውቀው ማስገልበጥን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥም አንድ ጽሑፍ አብረን አንብበን «አንድም» የምንልበት ጊዜ ይሰጠን፤ በፈተናችንም ላይ አጥንተን ልንመልሰው የማንችለው ጥያቄ ይምጣብን። ከባድ እንደሚሆንብን እናውቃለን፤ ቢሆንም እንዲመጣብን እንለምናለን።

ጽሑፍን ማንበብ የቻለ ልጅ በሰው ቃል ሊታለል ይችላል፤ መጠየቅ የሚያውቅና ማንበብ የማይችል ልጅም የጥያቄውን መልስ ከሌላ ሰው አፍ ሲጠብቅ ይኖራል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ልጅ ግን ማዳበሪያ ሲገዛ በከረጢቱ ላይ ያለውን፣ ውል ሲፈርም ከፊርማው በላይ ያለውን፣ አዋጅ ሲወጣ በአዋጁ ውስጥ ያለውን አንብቦ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማፍራት በእጃችን ጠመኔ ከሚገባበት ከመጀመሪያው ቀን የሚጀምር ሥራ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን።